የቪትዝ ሞተር ሲሞት የትኛው ሞተር ይገዛል?

መኪናዬ የ2002 ሞዴል ቪትዝ ናት፤ 1.3፣ አውቶማቲክ። እቁብ ሲደርሰኝ ገዛኋት፤ ዘጠኝ ዓመት ከተማ ውስጥ ሰው ጭኜባት ቤቴን አስተዳድራለሁ። ባለፈው ዓመት ከአዳማ ስመለስ ዱከም ላይ የራዲያተሩ ማኒኮቶ (የውሃ ጎማው) ተቀደደና ቀይዋ የሙቀት መብራት በራች። እዚያው ቆሞ ጎታች መጥራት ነበር። እኔ ግን «ቃሊቲ ልድረስ እንጂ እዚያ ጋራዥ አይጠፋም» አልኩ። ቃሊቲ ደረስኩ፤ ሞተሩ ግን አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ተመላለስኩ። አንድ ሞተር ቀብድ ከፍዬበት ትቼዋለሁ፣ አንዱን ልከፍልበት ስል መካኒኬ እጄን ይዘውኛል፣ ሦስተኛው ዛሬ ኮፈኑ ሥር አለ። ሰው ሲጠይቀኝ በስልክ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ልጻፈው ብዬ ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሰኞ ዋጋ ለሐሙስ አይሠራም። ደግሞ በዚያው ዓመት የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ጀምሮ «አሮጊቷን ሸጬ ሌላ ልግዛ» ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ለሃያ ዓመት መኪና ሞተር እየፈለግን ነው።

መጀመሪያ ግን ሞተሩ በእርግጥ መሞቱን እወቁ። ሰማያዊ ጭስ ስላያችሁ ብቻ ሞተር አትግዙ። ጠዋት ስታስነሱ ብቻ ጨሶ የሚተው ከሆነ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ እሱ ሞተር ሳይወርድ ይቀየራል። ዳገት ላይ ቤንዚን ስትሰጡት የሚጨስና በየሳምንቱ ዘይት የሚጠይቅ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፤ ያኛው ከባድ ነው። ነጭ ጭስ ወጥቶ የራዲያተር ውሃ እየጎደለ፣ የዘይቱ ክዳን ሥር የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ከተገኘ ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ማሸጊያ) ተቃጥሏል ማለት ነው። ቶሎ ከተቆመ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ቶርኖ ቤት አስልጦ መመለስ ይቻላል። የእኔ ያለፈው ከዚህ ነው። ጋሼ (መካኒኬን እንዲህ ነው የምጠራቸው) ቴስታታውን አውርደው ብረት ማስመሪያ አጋድመው ሲያሳዩኝ በመሃሉ ብርሃን ያልፋል። «ይኼ ይስተካከላል» አሉ። ቀጥለው ጣታቸውን ሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ አስገብተው የእኔንም ጣት ያዙና አስዳሰሱኝ። ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ጥፍር የሚይዝ ጭረት። «ይኼ ግን አይስተካከልም።»

እዚህ ላይ ከዲኤክስ (ከድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ) ዘመን የመጣ ልማድ ሰውን ያሳስታል። የድሮው ዲኤክስ 4ኬ ሞተር ብሎኩ ሙሉ ብረት ስለነበር አስፍቶ፣ ተለቅ ያለ ፒስተን ከቶ፣ ካስፈለገም ደግሞ አስፍቶ መንዳት ይቻል ነበር። የቪትዝ ብሎክ አሉሚኒየም ነው፤ ውስጡ ያለው የብረት ሸሚዝ ስስ ነው፣ እንዲሰፋ ታስቦም አልተሠራም። «ቦሪንግ አስገባውና ፒስተን እናምጣ» የሚል ካገኛችሁ ሰውየው ልቡ ዲኤክስ ላይ ቀርቷል። አንድ ነገር ግን እውነት አላቸው፦ የራስን ብሎክ ማደስ ከተቻለ የሞተር ቁጥሩ አይቀየርም፣ ሊብሬውም አይነካም። ብሎኩ ደህና ከሆነና የተበላሸው ከላይ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አስቡ።

እሺ፣ ሞቷል እንበል። ሱማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ ከሞተሩ ኋላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን የብረት ሰሌዳ ፎቶ አንሱ። እዚያ ላይ የሞዴል ቁጥርና የሞተር ስም አለ። ደላላው «የቪትዝ ሞተር» ሲል ቢያንስ አምስት የተለያየ ሞተር ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ቪትዝ፣ ከ1999 እስከ 2005 በተሠራው፣ ኤስሲፒ10 የሚል ካያችሁ 1.0 ነው፤ ሞተሩ 1ኤስዜድ። ኤንሲፒ10 ካለ 1.3፣ ሞተሩ 2ኤንዜድ። ኤንሲፒ13 ከሆነ ደግሞ 1.5፣ 1ኤንዜድ። የመጀመሪያዋ ፊደል የሞተሩን ዘር ነው የምትነግራችሁ። ከ2005 በኋላ የመጣው ሁለተኛው ቪትዝ ላይ ኬኤስፒ90 የሚለው ባለ ሦስት ሲሊንደሩ 1ኬአር ሲሆን፣ ኤስሲፒ90 የሚለው 2ኤስዜድ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከዳይሃትሱ ወገን ናቸው፤ «ይኸውልህ፣ አዲሱ ቪትዝ ነው፣ ይሻልሃል» ቢሏችሁ ኤንዜድ ያለው መኪና ላይ እንዲገባ አትድከሙ።

2ኤንዜድ ቪትዝ ላይ ብቻ የገባ ሞተር አለመሆኑ ደግሞ ደስ የሚል ነው። ፕላትዝ፣ ፈንካርጎ፣ ቢቢ፣ ኢስት፣ የ1.3 ኮሮላም ይህንኑ ነው የሚነዱት። «የቪትዝ አለህ?» ብሎ ከመጠየቅ «2ኤንዜድ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ፍለጋውን አምስት እጥፍ ያሰፋል። ለእኔ የተገኘው ከፕላትዝ የወጣ ነው። ፕላትዝ ማለት ቪትዝ ሆና ሻንጣ የተቀጠለላት ናት፤ ሱፖርቶው (የሞተሩ ማሰሪያ)፣ ማኒኮቶው፣ የማርሚታው አንገት ሳይቀር ያለ ክርክር ተቀመጠ።

ስለ 1.5 ፈተና

ሱማሌ ተራ ስትገቡ ሁለተኛው ሰው «1.5 ግጠምበት፣ ያለ ምንም ሥራ ይገባል» ይላችኋል። ሙሉ ውሸት አይደለም። 1ኤንዜድና 2ኤንዜድ ወንድማማች ናቸው፤ የሁለቱም ሲሊንደር ስፋት 75 ሚሊሜትር ነው። ልዩነታቸው ፒስተኑ የሚወጣው ርቀት ላይ ነው፦ የ1.3ቱ 73.5፣ የ1.5ቱ 84.7። ካምቢዮውም ሱፖርቶውም ይቀራረባል። ጉልበቱም ያጓጓል፤ አንዱ 88 ፈረስ ገደማ፣ ሌላው 110 ገደማ።

እኔም ጓጉቼ ነበር፤ ምክንያትም ነበረኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ 110 የተባለው ሞተር እዚህ 80 ምናምን ይሰጣል፤ ማለትም አዲስ አበባ ያለ 1.5 ጅቡቲ ካለ 1.3 ጋር ይተካከላል። 1.0 የሆነውማ 70 ተብሎ የተሠራው 50 ትንሽ ይዞ አራት ሰው ጭኖ ሽሮ ሜዳን ሲወጣ አስቡት። ከዚህ የተነሣ አንድ ምክር ያለ ማቅማማት እሰጣለሁ፦ ርካሽ ነው ብላችሁ ከነበራችሁ ሞተር ወደ ታች አትውረዱ። ወደ ላይ መውጣቱ ግን ያከራክራል።

እኔን ያስተወኝ ሽቦው ነው። መኪናዬ ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር፤ ወደ ግራ የዞረችው ዱባይ ነው። መሪው ሲዞር ዳሽቦርዱ ኋላ ያለው ሽቦ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ጋሼ ዳሽቦርዱን ከፍተው ያንን ጥቅል ሲያዩ «ይኼን ሽቦ እኔ አልነካም፤ አንተም እንዲነካ አትፍቀድ» አሉኝ። 1.5ቱ በትክክል እንዲሠራ የራሱን ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የራሱን ሶኬት። በ1.3ቱ ኮምፒውተር ይነሣል፣ ይሄዳልም፤ ቤንዚኑን ግን ለሌላ ሞተር የተሰላ አድርጎ ነው የሚሰጠው። በዚያ ላይ ሊብሬው ላይ ሲሲው ተጽፏል። የመኪናው ሰነድ 1,298 እያለ ሌላ ሞተር መግጠም ከቁጥር ለውጡ በላይ ሌላ ጣጣ መጨመር ነው። መኪናችሁ ከፋብሪካው በግራ የወጣች ያሪስ (ለውጭ ገበያ የተሠራች ቪትዝ) ከሆነች፣ ሽቦዋም ካልተነካ፣ ሞተሩንም ኮምፒውተሩንም ሽቦውንም ከአንድ መኪና የወጣ ካገኛችሁ፣ 1.5 ጥሩ ሞተር ነው፤ አልከለክልም። ያኔ ግን የቁልፉን ነገር ጠይቁ፤ ቁልፉን ለይቶ የሚያውቅ ኮምፒውተር ከሆነ ከነቁልፉ ካልመጣ አይነሣላችሁም።

ዓመቱም ይለያል። የቆዩት ኤንዜዶች የቤንዚኑ መስጫ በካቦ ነው የሚሳበው፤ የኋለኞቹ ካቦ የላቸውም፣ ፔዳሉ በሽቦ ነው የሚያዘው። ሞተሩን ስታዩ መጀመሪያ እሱን እዩ። የእናንተ ባለ ካቦ ከሆነ ባለ ካቦ ግዙ።

ቀብድ የከፈልኩበት ሞተር

ይህን ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሌላ ሰው እንዳይገባበት። 1.5ቱ ያጓጓኝ ሰሞን አንድ ሻጭ ንጹሕ፣ ብዙም ያልነዳ የሚመስል ሞተር አሳየኝ። ብሎኩ ላይ ያለው ቁጥር 1ኤንዜድ ብሎ ይጀምራል። ዋጋውም ከሌላው አነስ ይላል። ቀብድ ሰጠሁ። ማታ ለጋሼ ፎቶውን ስልክላቸው ደወሉና «ዲናሞው የት ነው የሚታሰረው?» አሉኝ። ፎቶውን አሰፋሁ፤ የለም። «ሞተሪኖውስ?» እሱም የለም። የፕሪየስ ሞተር ነበር።

በቤንዚንም በኤሌክትሪክም በሚሄደው ፕሪየስ ላይ የሚገባው 1ኤንዜድ-ኤፍኤክስኢ ነው፤ የኛው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ። አንዲት ፊደል ናት። ፕሪየስ የሚነሣው በሃይብሪዱ የኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ ሞተሪኖም (ማስነሻም) ዲናሞም አያስፈልገውም። ቫልቮቹ የሚዘጉበት ጊዜና የፒስተኑ ጭመቃም የተለየ ነው፤ ጉልበቱም 76 ፈረስ ገደማ ብቻ ነው። ለፕሪየስ ግሩም ሞተር ነው፤ ለቪትዝ ግን አሉሚኒየም ብቻ ነው። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድም፤ ቀብዱን ግማሹን መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ዲናሞና ሞተሪኖ ወደሚታሰሩበት ነው።

ሱማሌ ተራ ላይ እንዴት ይታያል

ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ መጋዘኖቹ ውስጥ ይጨልማል፣ ሰዉም ይቸኩላል። ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ባትሪ፣ የባትሪ ማገናኛ ገመድ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ቡሶላ፣ ደህና የእጅ ባትሪ፣ ነጭ ወረቀትና የኮምፕሬሽን መለኪያ ጌጅ (ፒስተኑ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚያሳይ)። ጌጁን ጋራዦች ያከራያሉ ወይም መካኒኩ ራሱ ይዞት ይመጣል። መካኒክ ሳትይዙ አትሂዱ ልላችሁ ነበር፤ ግን መካኒኩንም ምረጡ። ሱማሌ ተራ ስትደርሱ እዚያው ብቅ የሚለው «እኔ ላይልህ» ባይ ከሻጩ ድርሻ ያለው ሊሆን ይችላል።

ብር ቀለም የተቀባ ሞተር አልወድም። ታጥቦ፣ ተቀብቶ እንደ ሙሽራ የተቀመጠ ሞተር የሚደብቀው ነገር አለው። አቧራውና የዘይት ቅባቱ ያለበትን ይሻለኛል፤ ከየት እንደሚያፈስ ራሱ ይናገራል። ቀጥሎ ብሎኖቹን እዩ። ቁልፍ ነክቶት የማያውቅ ብሎን ጠርዙ ሹል ነው፤ የተፈታ ብሎን ጠርዙ ይላጋል፣ ያብረቀርቃል። የቴስታታው ክዳንና የኮፓው (የታችኛው የዘይት ገንዳ) ዙሪያ ላይ ያለውን ማጣበቂያም ተመልከቱ። ፋብሪካው የሚጠቀመው ጥቁር ወይም ግራጫ ነው፣ በስሱ ነው የሚታየው። ቀይ ሲሊኮን እንደ ጥርስ ሳሙና ገፍቶ ወጥቶ ካያችሁ ያ ሞተር አንድ ጊዜ ተከፍቷል፤ ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ምልክት የውሃ መግቢያው አንገት ውስጥ ያለው ነው። ማኒኮቶ የሚገባበትን ቀዳዳ በእጅ ባትሪ እዩት። ደርቆ የቀረ ሮዝ ወይም ቀይ ዱቄት ካለ ሞተሩ ዕድሜውን ሙሉ በቶዮታ ኩላንት ነው የሠራው። ቡናማ ዝገት ካያችሁ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። የእኔ አሮጌው ሞተር አንገት ውስጡ እንደ ተቃጠለ ድስት ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት የቧንቧ ውሃ የሞላሁበት እኔው ነኝ።

የዘይቱን ክዳን ፍቱና ቀዳዳውን አብሩበት። ካምሻፍቱ ይታያል። ቀለሙ የማር ወይም ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ። ጥቁር ጭቃ የተጋገረበት ከሆነ ዘይት በጊዜው አልተቀየረለትም፤ እነዚህ ሞተሮች የቫልቩን ጊዜ የሚያስተካክሉት በዘይት ግፊት ስለሆነ ቆሻሻ ዘይት ከፋሻው ሌላ እሱንም ይጎዳዋል። ካንዴላዎቹን አራቱንም አውጡና በወጡበት ቅደም ተከተል ነጭ ወረቀት ላይ ደርድሩ። ሦስቱ ደረቅ ግራጫ ሆነው አንዱ እርጥብ ጥቁር ከሆነ ያ ሲሊንደር ዘይት ይበላል። ከዚያ በቡሶላ ታችኛውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት) በእጃችሁ አዙሩ። እኩል ከብዶ እኩል መቅለል አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ የሚነክስ ወይም የብረት ድምፅ ያለው ከሆነ ቻው በሉት።

አሁን ጌጁ። ሞተሩ ከነካምቢዮው ከሆነ ሞተሪኖው ስላለ በባትሪ ማዞር ይቻላል። አራቱም ካንዴላ ይወጣል፣ የአየር መግቢያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይያዛል፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ጌጁ ቆሞ እስኪቀር ይዞራል። ቁጥሩን ራሳችሁ ጻፉ።

የሁለተኛው ሞተር ቁጥር እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፦ 155፣ 158፣ 154፣ 110። ሻጩ «ቆሞ ስለቆየ ነው፣ ሲሞቅ ይመጣል» አለ። እኔ አመንኩት። ጋሼ መልስ አልሰጡትም፤ አራተኛው ቀዳዳ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ዘይት ጠብ አደረጉና ደግመው አዞሩት። 145 ገባ። ዘይት ሲገባ ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው ነው ያረጀው፣ ዘይቱ ለጊዜው ደፈነለት ማለት ነው። ዘይት ገብቶም ባይነቃነቅ ኖሮ ቫልቩን ነበር የምንጠረጥረው። እጄን ያዙና ወጣን።

ሦስተኛው፣ የፕላትዙ፣ 152፣ 155፣ 150፣ 154 አወጣ። አጠገባችን የቆመ ወጣት ስልኩን እያየ «ማንዋሉ 213 ነው የሚለው፣ ይኼ ሞተር አልቋል» አለ። ሻጩ ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። ጋሼ ግን ሳቁ። «መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳር ነው» አሉ። ከተማውን ማለታቸው አይደለም፤ እሱም 1,800 ሜትር ላይ ነው። ባሕር ጠርዝ ማለታቸው ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ማንዋሉ ለዚህ ሞተር ጤነኛው 213 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ዝቅተኛው 156፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 14 ነው ይላል። ያ ቁጥር ሙሉ አየር ላለበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ራሱ ከመጀመሪያው አንድ አራተኛ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በ0.75 አባዙት፦ 213ቱ 160 ይሆናል፣ 156ቱ 117፣ ልዩነቱም 10 ገደማ። በዚህ ሚዛን 150ዎቹ ውስጥ ያለ ሞተር ጤነኛ ነው፤ 120 አካባቢ ያለው ዕድሜው እያለቀ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ደህና ሞተር «ደካማ» ተብሎ እንደተመለሰ እግዜር ይወቀው። እንዲያውም አዲስ አበባ ላይ 210 የሚያወጣ ኤንዜድ ብታገኙ ተጠራጠሩ፤ ወይ ጌጁ ተበላሽቷል ወይ ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ፈስሷል። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ የአራቱ መቀራረብ ይበልጣል።

ደረሰኝ፣ ቁጥር፣ ሊብሬ

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር በቤንዚን ጠርጋችሁ ፎቶ አንሱት። የተፋቀ፣ የተመታ ወይም ጨርሶ የሌለ ከሆነ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ ሊብሬው ላይ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ስላለ አንድ ቀን ምርመራ ላይ ያገኛችኋል። ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። «ያገለገለ ሞተር 1» የሚል ደረሰኝ ለመኪናው ፋይል ምንም አይጠቅምም። የቫት ደረሰኝ ጠይቁ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ኮፒም ጠይቁ። እኔ ከመግዛቴ አንድ ቀን በፊት ፋይሌ ያለበት ቅርንጫፍ ሄጄ ለሞተር ለውጥ የሚፈልጉትን ወረቀት በዝርዝር ጽፌ ይዤ መጣሁ፤ ዝርዝሩን ለሻጩ ሳሳየው «ይኼኛው አለኝ፣ ይኼኛው የለኝም» ብሎ እዚያው ተለየ። ከገዙ በኋላ ወረቀት ፍለጋ መዞር ሌላ ሥራ ነው።

«ሙሉ ሞተር» የሚለውም ቃል ይተርጎም። ለአንዱ ሻጭ ሙሉ ማለት ከነካምቢዮ፣ ከነዲናሞ፣ ከነሞተሪኖ፣ ከነኮይሉ ነው፤ ለሌላው ራቁቱን ብሎክና ቴስታታ። ደረሰኙ ጀርባ ላይ ዕቃ በዕቃ አስጽፉና ያስፈርሙ። የሙከራ ቀንም አስጽፉ። በአፍ «አንድ ሳምንት ሞክረው» የተባለው ሞተሩ ከተጫነ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ

ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ርካሽ የሆነ፣ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሙሉ ቀን የሚፈጅ ሥራ አለ። ከሞተሩ ኋላ፣ ከቮላኖው ሥር ያለው ፓራኦሊዮ (የዘይት ማሸጊያ ጎሚኒ) የመጀመሪያው ነው፤ ኋላ ቢያፈስ ካምቢዮ ማውረድ ሊኖርባችሁ ነው። የውሃ ፖምፓውን፣ ቴርሞስታቱን፣ ቺንጋውን፣ ካንዴላዎቹን፣ ፊልትሮዎቹን ቀይሩ። ኮፓው ይውረድና የዘይት መሳቢያው ወንፊት ይታጠብ። የጊዜ ሰንሰለቱ ካልጮኸ አትንኩት። ራዲያተራችሁ እንደኔ በዝገት የታጨቀ ከሆነ አዲሱን ሞተር በአሮጌው በሽታ አትቀብሩት፤ አስጠርጉት ወይም ቀይሩት፣ ማኒኮቶዎቹን ሁሉ ጨምራችሁ። የእኔን ሞተር የገደለው አንድ ማኒኮቶ ነው።

አውቶማቲክ ከሆነ ሞተሩና ካምቢዮው ሲጋጠሙ አጠገቡ ቁሙ። በመሃሉ ያለው ክብ ኮንቨርተር ካምቢዮው ውስጥ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት፤ እየዞረ ሲገፋ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሳይሰምጥ በብሎን ኃይል እየተሳበ ከተጠጋ የካምቢዮው ዘይት ፖምፓ ይሰበራል። ሞተሩና ካምቢዮው ያለ ብሎን፣ በእጅ ተገፍተው ብቻ መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ ፓራንኮው (የሞተር ማንሻው) ላይ ይመለስና እንደገና ይሞከር።

የእኔ ከገባ በኋላ ሞተሪኖው እንደ ታመመ ሰው ማቃሰት ጀመረ። ባትሪ ቀየርን፣ ሞተሪኖ ፈታን፣ ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ የጋሼ ልጅ ከሞተሩ ወደ አካሉ የሚሄደውን የማሳ (የኔጋቲቭ) ሽቦ መሬት ላይ ተጥሎ አገኘው። ከማስነሣታችሁ በፊት ማሳውን እዩ።

መጀመሪያ ስታስነሡ ቤንዚን እንዳይረጭ የቤንዚን መርጫዎቹን ሶኬቶች ነቅላችሁ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ አዙሩት፤ ከዚያ ነው የሚነሣው። ዘይቱ 3.7 ሊትር ከነፊልትሮው ነው። ውሃው ሲሞላ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ አየሩ እንዲወጣ። ውሃ ያልኩት ኩላንት ማለቴ ነው። በ500 ኪሎሜትር ዘይቱን ቀየርኩ፤ የወጣውን ነጭ ሳህን ላይ አፍስሼ ፀሐይ ላይ አየሁት፣ የሚያብረቀርቅ ብረት አልነበረበትም።

አሮጌውን ሞተር ደግሞ ጋራዡ «ልውሰድልህ» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሊብሬው እስኪስተካከል አልሸጥም ብዬ አቆየሁት። ደግ አደረግኩ። የፕላትዙ ሞተር የዘይት ግፊት ሴንሰሩ ሦስተኛው ቀን ላይ ማፍሰስ ሲጀምር የአሮጌውን ፈትቼ ገጠምኩ፤ በኋላም አንድ ኮይል አወጣሁለት። አሁን ጋራዡ ጥግ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ ዲናሞው ገና ደህና ነው።